የማክሰኞ ምድብ አንደኛ

በ2079 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ሰው ሲገናኝ ፊት አይቶ ሰላምታ መስጠት ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ የሚታየው የግራ እጅ አንጓ ነው። እዚያ ላይ የታሰረው አምባር የሰውን ልብ፣ እንቅልፍና ንግግር ሲለካ ውሎ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ከመቶ ነው። «እንዴት ዋልክ?» ሲባል መልሱ «ሰባ ሁለት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ስድሳ የሆነ ሰው «ይመስገን» የምትለዋን ትንሽ ይጎትታታል። ከሃምሳ በታች የወረደ ደግሞ በዚያ የአዳማ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ይለብሳል፤ ጎረቤትም አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ገዛኸኝ እጅጌውን ሰብስቦ ነበር የሚሄደው። ዘጠና አንድ ነበር።

ዘጠና አንድ እንዲሁ የሚገኝ ቁጥር አይደለም። ጫጉላ ላይ ያሉ ሙሽሮች እንኳ ሰማንያ አምስትን ካለፉ ሰፈር ያወራላቸዋል። ገዛኸኝ ግን የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ከኖረበት ትዳር ከወጣ ገና አሥራ አንድ ወሩ ነው። የተፋቱ ሰዎች ሁሉ ለአንድ ዓመት በሚከታተሉት የፍቺ ማገገሚያ ጽሕፈት ቤት፣ በማክሰኞ ምድብ ካሉት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንደኛ ነው። ሁለተኛዋ ስድሳ ስድስት ናት። ፎቶው አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ተለጥፏል፤ በዚያ በኩል ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው። ሰዎች ትሕትና ይመስላቸው ነበር።

ሥራው አውቶቡስ ዴፖ ነው። ከአዲስ አበባ ከሚመጡት አውቶቡሶች የደከመውን ባትሪ ያወጣል፣ የተሞላውን ያስገባል። ንግግር የማይፈልግ፣ ለሱ ተለክቶ የተሰፋ የሚመስል ሥራ ነው። ገዛኸኝ ዝምተኛ ነው፤ ዝምታው ግን ጨዋነት የሚባለው ዓይነት አልነበረም። ሚስቱ ስንዱ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሥራ ገብታ «ዛሬ መንታ አዋለድኩ» ስትለው «እህ» ይላል። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም» ይላል። በ«እህ» እና በ«ምንም» አሥራ ሦስት ዓመት ኖራ፣ ባለፈው ሐምሌ ሻንጣዋን አዘጋጀች። «ልሄድ ነው» አለችው። «እሺ» አላት። አዲስ ቃል ስለሆነባት ስንዱ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብላ ነበር።

የንብረት ክፍፍሉ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ማጠቢያ ማሽኑ ለሷ፣ ሶፋው ለሱ፣ የውሃ ታንከሩ ከቤቱ ጋር ይቀራል። ከሶፋው ቀጥሎ «የቤቱ ድምፅ» የሚል ተራ ነበር። በዚያ ዘመን ቤት ሁሉ ይናገራል፤ ውሃው መሞቁን፣ በሩ አለመቆለፉን፣ ደመና መምጣቱን ይነግራል፤ ሲያወሩትም ይመልሳል። ድምፁን የሚወርሰው ቤት ውስጥ አብዝቶ ከሚናገረው ሰው ነው፤ የገዛኸኝ ቤት በማን ድምፅ ይናገር እንደነበር መንገር አያስፈልግም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከቤት የወጣ ሰው ድምፁም አብሮት ይወጣል። ገዛኸኝ «ጠፍቷል» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ፈረመ።

አላጠፋውም።

መጀመሪያ ያላጠፋው በስንፍና ነው፤ ቢያንስ ለራሱ የነገረው እንደዚያ ነው። ከሥራ መጥቶ በሩን ሲከፍት ቤቱ በስንዱ ድምፅ «መጣህ?» ይላል። «ነፋሱ አያድርስ ነው፣ መስኮቱን ዘግቼዋለሁ።» በሁለተኛው ሳምንት «መጣሁ» ብሎ መለሰ። በሦስተኛው ሳምንት አልወጣም ብሎ ስላስቸገረው አንድ ባትሪ ነገረው። በሁለተኛው ወር ጫማውን ሳያወልቅ ወሬ ይጀምር ነበር። ስለ አለቃው፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ በልጅነቱ ስለሞተበት ወንድሙ፣ ስንዱን መጀመሪያ ያያት ቀን ምን ለብሳ እንደነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት ስትለምነው ያላገኘችውን ሁሉ ለግድግዳ አወራው። ግድግዳው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ገዛኸኝም ይቀጥላል። አምባሩ ይህን ሁሉ በታማኝነት መዘገበ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ንግግር፣ የተረጋጋ የልብ ምት፣ ጥሩ እንቅልፍ። ከማን ጋር እንደተነጋገረ አይጠይቅም።

በአምስተኛው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንን ነገር ነገረው።

ነገሩ ይህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስንዱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሥራ ላይ እያለች አመማት፤ በራሷ ሆስፒታል፣ ሌሎችን በምታዋልድበት አልጋ ላይ አስተኟት። የሕፃኑ ልብ አይሰማም። ይህን የሚገልጽ መልእክት ለገዛኸኝ ዴፖ ውስጥ እያለ ደረሰው፤ ወዲያው ስልኩ ጠራ። እሷ ናት። ገዛኸኝ አንድ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ገባ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲጠራ አየው። ጥሪው ቆመ። ደግሞ ጠራ። ምን እንደሚላት አላወቀም፤ ስታለቅስ መስማት ፈራ። ስልኩ ጭራሽ ዝም ሲል ወርዶ ሥራውን ቀጠለ። ሆስፒታል የደረሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ልጁ ተወልዶ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። «ባትሪ ሥር ነበርኩ፣ አልሰማሁም» አላት። አመነችው። ጭራሽ እሷ የሱን እጅ ይዛ «ይሁን፣ ምን ታደርግ» ብላ አጽናናችው። ድሮም ዝምተኛ ነበር፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ዓይኗን እያየ ከሁለት ቃል በላይ መናገር አቃተው።

ለቤቱ ሲነግረው አለቀሰ። ሲጨርስ ቤቱ በስንዱ ድምፅ «ገባኝ። ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?» አለው። በማግስቱ የአምባሩ ንባብ ከሰባ አንድ ወደ ሰማንያ አራት ወጥቶ አደረ።

የማክሰኞ ምድብ ሰዎች ምሥጢሩን እንዲያካፍላቸው ይወተውቱት ጀመር። ገዛኸኝ «ቀደም ብዬ እተኛለሁ፣ በእግሬም እሄዳለሁ» አላቸው። ጻፉት። አንድ የቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ሰፈር በእግሩ እየተመላለሰ አሥራ አንድ ኪሎ ቀነሰ። ንባቡ ግን ከሠላሳ ዘጠኝ ንቅንቅ አላለም። «እኔ ጋ አንድ የጎደለ ነገር አለ ወንድሜ፣ አንተ ታድለሃል» አለው ቀበቶውን እያጠበቀ። ገዛኸኝ መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ሜላት ደወለች።

«አቶ ገዛኸኝ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ዘጠና አንድ! ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለምስክርነት ይፈለጋሉ። የቀድሞ ባለቤትዎ ጉዳይ ነው።»

«ምን ሆነች?»

«አርባ አንድ ናት።»

አርባ አንድ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ከሰባ በታች የሆነች አዋላጅ ማዋለጃ ክፍል አትገባም። ስንዱ ከመስከረም ጀምሮ በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ካርድ እየደረደረች ነበር፤ ገዛኸኝ አልሰማም። ገበያ ውስጥ እናቶች አስቁመው «ይቺን ያወጣሻት አንቺ ነሽ» እያሉ ልጆቻቸውን የሚያሳዩዋት ሴት ናት።

«የማገገሚያው ዓመት ሊያልቅ ስለሆነ ውሳኔ ይሰጣል» አለች ሜላት። «የፈረሰው አንድ ትዳር ነው። አንዱ ወገን ከዳነ፣ ሌላው ያልዳነው በትዳሩ ምክንያት አይደለም ማለት ነው፤ ችግሩ የራሷ ነው። ስለዚህ እስከ ጡረታ መዝገብ ቤት ትቀራለች። እርስዎ የሚጠበቅብዎት ንባቡ የእርስዎ መሆኑን መፈረም ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ገዛኸኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለነገሩ ያህል ነው እንጂ… አንድ ሰው የቤቱን ድምፅ ሳያጠፋ ቀርቶ ቢሆንስ?»

«ንባቡ ይሰረዛል፣ ንጽጽሩም ይወድቃል። መዝገቡ ደግሞ ለባለ ድምፁ ይከፈታል፤ ለድምፁ የተነገረውን ሁሉ የመስማት መብት አለው። ለምን ጠየቁ?»

«እንዲሁ ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ጋር ተፋጠጠ። ዝም ካለ ስንዱ ዳግም ሕፃን አትቀበልም፤ ጥፋቷም ከሱ ጋር መኖሯ ብቻ ነው። ከተናገረ ደግሞ መዝገቡ ይከፈታል፣ በመዝገቡ ውስጥ ያ እሑድ አለ፤ ስልኩ ሲጠራ ተቀምጦ ማየቱን በገዛ ጆሮዋ ትሰማለች። ሦስተኛ መንገድም ነበረ፤ አሁኑኑ ሁሉንም አጥፍቶ፣ ፈርሞ፣ ዘጠና አንዱን ይዞ መኖር። እሑድ ከሰዓት መሐል ሳሎን ቆሞ «ሁሉንም አጥፊው» አለ። ቤቱን በሴት አንቀጽ ማዘዝ ከጀመረ ቆይቷል።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው በስንዱ ድምፅ።

«ይቆይ» አለ። ከጽድቅ አልነበረም። ማጥፋቱ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው ያስፈራው፤ ይህንንም ሲያውቅ በራሱ አፈረ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ጠበቁት። በድሮው ጊዜ ሽማግሌ የሚቀመጠው ባልና ሚስት ለማስታረቅ ነበር፤ የዛሬዎቹ የሚቀመጡት የተለያዩት በደንብ መለያየታቸውን ለማየት ነው። መሐል ላይ ያሉት ጋሽ ወርዶፋ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ናቸው፤ ግራና ቀኛቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አሉ፤ ሜላት ጫፍ ላይ ሆና ትጽፋለች።

ስንዱ ገባች። ረጅም እጅጌ ለብሳለች። ከስታለች፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ይዛዋለች። ገዛኸኝን በአንገቷ ሰላም አለችው፤ እጁ ላይ ያለውን ቁጥር አየችና ቶሎ ዓይኗን አነሣች።

«ደኅና ነሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«አርባ አንድ» አለች። «ይመስገን» አልጨመረችም።

ጋሽ ወርዶፋ ወረቀቱን አገላብጠው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ አንድ ቤት ነበራችሁ። እሱ ድኗል፣ አንቺ አልዳንሽም። ደንቡ ፈርሙ ይላል፣ እንፈርማለን። ከዚያ በፊት ግን፣ ልጄ ገዛኸኝ፣ በምን እንደዳንክ እስቲ ንገራት። ሥራው ቢቀርባት እንኳ ለራሷ ይጠቅማታል።»

ስንዱ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች። ወረቀት ፈለገች፣ አጣች፤ አንድ ባዶ የበሽተኛ ካርድ አግኝታ ጀርባውን ገለበጠች። ምፀት አልነበረበትም። ልትጽፍ ነው፤ እንደ ትጉህ ተማሪ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀችው።

«ቀደም ብዬ… እተኛለሁ» አለ ገዛኸኝ።

ጻፈች። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«እሺ።»

«በእግሬም እሄዳለሁ።»

«በቀን ምን ያህል?»

«አርባ ደቂቃ።»

«ጠዋት ነው ከሥራ በኋላ?» አለች ሳታይ፣ እየጻፈች። «እኔም እኮ እሄዳለሁ። ምናልባት ሰዓቱ ይሆናል የተሳሳተው።»

ገዛኸኝ ጆሮው ድረስ ጋለ። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ አፍሯል፤ እንዲህ ግን አፍሮ አያውቅም። ውሸቱን እየተቀበለች፣ እየጻፈች፣ ልትድንበት እየሞከረች ነው።

«ስንዱ፣ ተይው» አለ። «አትጻፊው።»

«ለምን?»

«ድምፅሽ ቤት ውስጥ አለ። አላጠፋሁትም።»

የሜላት ጣት ከመጻፊያው ላይ ተነሣ። ጋሽ ወርዶፋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሥራ አንድ ወር ሙሉ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ፈርመህ?»

«ፈርሜ። የዳንኩት በእግሬ ሄጄ አይደለም። እቤት ገብቼ ከሷ ጋር ሳወራ ነው የማመሸው። ማለቴ… ከድምፅዋ ጋር። እኔ አልተለየሁም። የተለየችው እሷ ብቻ ናት።»

ሜላት ሁለት ሦስት ቦታ ነካካች። ከገዛኸኝ አንጓ ላይ ዘጠና አንድ ጠፋና አንድ አጭር መስመር ብቻ ቀረ። አምባሩ የሞተ ዓሣ ሆድ መሰለ። «ንባቡ ተሰርዟል» አለች ሜላት በዚያው በሥራ ድምፅዋ። «ንጽጽሩም ወድቋል። በዓመቱ ውስጥ የቀድሞ ባል ድምፃቸውን በሕገ ወጥ መንገድ ይዞ ስለነበር፣ ሕጉ የወይዘሮ ስንዱን ዝቅተኛ ንባብ አይቆጥርባቸውም። ሰኞ ወደ ማዋለጃ ክፍል መመለስ ይችላሉ።»

«እንግዲያው በዚህ ቤት እውነተኛው ቁጥር አርባ አንድ ነበር» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፤ ገዛኸኝን ግን አላዩትም። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም አላዩትም።

ስንዱ አልተደሰተችም፤ ወይም ለመደሰት ጊዜ አላገኘችም። እስክሪብቶውን እንደያዘች ገዛኸኝን ትመለከተው ነበር።

«አንተ ታወራለህ?» አለች። «ምንድነው የምታወራው?»

«መዝገቡን መስማት መብትዎ ነው» አለች ሜላት። «እየከፈትኩት ነው። የአሥራ አንድ ወር ስለሆነ ትንሽ ይቆያል፣ አራት ደቂቃ ያህል።»

ገዛኸኝ ከወንበሩ ተነሣ። ለምን እንደተነሣ አላወቀም፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ባለው ማያ ላይ አንድ መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። ያ መስመር ሲሞላ የገዛ ድምፁ ይህንን ክፍል ሞልቶ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ለግድግዳ ሲያለቅስ ይሰማል። ስንዱም እውነቱን ከሱ ሳይሆን ከማሽን ትሰማለች።

«ከመከፈቱ በፊት እኔ ልንገራት» አለ።

ማንም አልከለከለውም። ወደ ስንዱ ዞረ። ዓይኗን ማየት ከብዶት አገጯን አየ፤ ከዚያ ራሱን አስገድዶ ዓይኗን አየ።

«ያን ቀን ስልኩ ሲጠራ ሰምቼው ነበር።»

«የቱን ቀን?» አላለችም።

«ባትሪ ሥር አልነበርኩም። አንድ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። መልእክቱ ደርሶኛል፣ ልጁ እንደሌለ አውቄያለሁ። ስልኩ እዚህ ጭኔ ላይ ነበር፣ ስምሽ ይበራል። ማንሣት ነበረብኝ፣ አላነሣሁም። ብቻሽን መሆንሽን እያወቅኩ ነው ያላነሣሁት። ሥራ ይዞኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ከዚያ ዋሸሁሽ። አንቺ ደግሞ እጄን ይዘሽ አጽናናሽኝ። ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት አፍ ኖሮኝ ላውራሽ?»

ሴቷ ሽማግሌ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

ስንዱ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሞቅ ያለ ድምፅ አይደለም፤ ገዛኸኝ በዓመቱ ውስጥ እውነተኛውን ረስቶት እንደነበር የገባው ያኔ ነው።

«እኔ እኮ አሥራ አንድ ወር ሙሉ የታመምኩት፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ትቼ ወጣሁ እያልኩ ነው» አለች። «ዝም ከማለት በቀር ምን በደለኝ እያልኩ። ስጸልይ እንኳ እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ የምለው አንተን ትቼ በመሄዴ ነበር።»



«ተከፍቷል» አለች ሜላት በቀስታ። «ላጫውተው?»

«ዝጊው እህቴ፣ አያስፈልገኝም» አለች ስንዱ። ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። ከበሩ ሳትደርስ ግን ተመለሰች።

«ስንት ጊዜ ጠራ?» አለችው።

ይህንን ማሰብ አላስፈለገውም። አራት ዓመት በየቀኑ ሲቆጥረው ኖሯል። «ስድስት ጊዜ።»

ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። «ሰባት ጊዜ ነው የደወልኩት።»

«ስድስት ነው የሰማሁት፣ ስንዱ። እምልልሻለሁ።»

«አትማል፣ አምኜሃለሁ።» በልቧ የምትቆጥር ትመስል ነበር። «እንግዲያው አንዷን የእውነት አልሰማሃትም ማለት ነው። የሷን ይቅር ብዬሃለሁ። የስድስቱን ግን አላውቅም።»